ለቅሶው ካዛንቺስ ነው

ቂርቆስ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬአብ፣ ድሬዳዋ፤

ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ስለ ጉልበቴም ሦስተኛ ጊዜ እንዳትጠይቀኝ። በስልክ የሚነገረኝ ግማሹ ስለማይሰማኝ፣ እንደተስማማነው በእጄ እጽፋለሁ፤ የእህቴ ልጅ ጽጌሬዳ ፎቶ አንሥታ ትልክልሃለች። አንተም መልስህን ሙሉ አድርገህ ጻፍ። ባለፈው «በቃ ይሠራል» ብለህ የላክኸው ደብዳቤ አይባልም።

ለጠየቅኸው መልሱ አዎን ነው፤ የእድሩ ኮሚቴ ፈቅዷል። ደስ ብሎት ግን አይደለም። ሠፈራችን ካዛንቺስ ከተነሣ ወዲህ ግማሹ ሰው ገላን፣ ግማሹ አራብሳ ገብቷል፤ እንደ እኔ ዘመድ ቤት የተጠጋም አለ። ሊቀ መንበራችን ታዲዎስ «ሁሉም በገባበት አካባቢ እድር ይግባ፣ ይሄኛው ይብቃው» ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ጥሩምባ ነፊያችን አንድ ሽማግሌ ነው፤ ገላን ነፍቶ አራብሳ እንዴት ይደርሳል ይላል። እውነቱን ነው። ስለዚህ ያንተ ድረ ገጽ ጥሩምባችን ይሁን ተባለ። ሞት ሲመዘገብ፣ ማን እንደ ሞተና ለቅሶው የት እንደሆነ ለአባላቱ ሁሉ በየስልካቸው ይነግራል ብለሃል። የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ካልሠራ ታዲዎስ እድሩን ለማፍረስ ድምፅ ያሰጣል። ስንት ዘመን አብሮ የቀበረ ሰው ይበተናል። ይህን አውቀህ ሥራ።

እኔም የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ያልገባኝ ነገር ላይ አልፈርምም። ማተሚያ ቤት እርማት ስሠራ ኖሬ ያላነበብሁት ገጽ ላይ «ይታተም» ብዬ አላውቅም። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያሳደጉን መምህርት፣ ትርጉሙን የማናውቀውን ቃል ጽፈን ካገኙ ገጹን ቀድደው እንደገና ያስጽፉን ነበር። ጽጌሬዳ የጻፍኸውን ኮድ በስልኳ አሳየችኝ። ክላስ ምንድን ነው? ፕሮፐርቲ የምትለው ከኮንስታንት በምን ይለያል? አንዱ በቀስት፣ ሌላው በድርብ ነጥብ የሚጠራውስ ለምንድን ነው? በምሳሌ አስረዳኝ፤ ምሳሌውም ከሠፈራችን ይሁን።

ጉርሜሳና ሚስቱ ለምለም ሰላም ብለውሃል። ለምለም ገላን ከገባች ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ አምስተኛ ፎቅ ነው፣ ልቧም ደከም ብሏል። «ያ ድስቴን ጠርጎ ይበላ የነበረ ልጅ ሚስት አገባ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኋት። አግብተሃል?

እጸገነት


ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ እትዬ እጸገነት፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ስለ ጉልበትዎ አልጠየቅኩም። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ቢሮ ውስጥ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አላገባሁም። ለእትዬ ለምለም ድስታቸውን የሚተካ ድስት አላገኘሁም በሉልኝ።

ምሳሌው ይኸው። «አባል» የሚባል ክላስ ጻፍኩ። ክላስ ሰው አይደለም፤ አንድ አባል ምን ምን እንደሚኖረው የሚናገር ነው፤ ስም፣ ስልክ፣ መኖሪያ። ከዚያ ክላስ ጋሽ ጉርሜሳን እንፈጥራለን። ኦብጀክት ይባላሉ፤ አይንገሯቸው። ስማቸውና መኖሪያቸው ፕሮፐርቲ ነው፤ የብቻቸው ነው፤ ቤት ሲቀይሩ ይቀየራል። እዚያ የምንደርሰው በእሳቸው በኩል ብቻ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየውን እንጠራለን፣ ከዚያ በቀስት እንጠቁማለን። ጉርሜሳ፣ ቀስት፣ መኖሪያ። ሰውየውን ሳንጠራ መኖሪያ ብቻ ብንል የማን መኖሪያ እንደሆነ አይታወቅም። ክላሱ ውስጥ ሆነን ስንጽፍ ደግሞ በስም ፋንታ «ይህ» እንላለን። ማለቴ፣ አሁን የተጠራው ሰው ማለት ነው።

ኮንስታንት ግን የማንም አባል አይደለም፤ የክላሱ የራሱ ነው። አንዴ ይጻፋል፣ ከዚያ ማንም አይለውጠውም፤ ልለውጥ ቢሉ ፕሮግራሙ እምቢ ይላል። ማንንም ሰው መጥራት ሳያስፈልግ በክላሱ ስም እንጠራዋለን፤ ድርብ ነጥቡ ለዚህ ነው። አባላት ቢለዋወጡ፣ ቢሞቱ፣ ቢሄዱ እሱ እዚያው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ሁሉም ሰው መኖሪያውን ሞልቷል፤ የእርስዎ ብቻ ባዶ ነው። ረስተውት ነው?

አክባሪዎ ፍሬአብ


ቂርቆስ፣ ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለፍሬአብ፤

እግዚአብሔር ያጽናህ። ለምለም እንደ ሞተች በስልክ እንደ ነገሩህ ጽጌሬዳ ነግራኛለች። ፈቃድ ስላልሰጡህ አትጸጸት፤ ብትመጣም የምታደርገው ነገር አልነበረም። ቀብሯ ተፈጽሟል።

የክላሱን ነገር ተረድቻለሁ። ማተሚያ ቤት የሠርግ ካርድ ስናወጣ ክፈፉና አበባው አንድ ጊዜ ተቀርጾ ይቀመጥ ነበር፤ ለማንም ሰው ሠርግ ያው ነው። የሙሽሮቹ ስም ግን በየካርዱ ፊደል በፊደል ይለቀማል። ኮንስታንትህ ክፈፉ ነው፤ ፕሮፐርቲህ ስሙ ነው። አልተሳሳትሁም ብዬ አስባለሁ። «ማለቴ» የሚለውን ቃል ግን በጽሑፍ ውስጥ እንዳላየው። ማለት የፈለግኸውን መጀመሪያውኑ በለው።

ዛሬ ስለ ለምለም ብቻ ላጫውትህ። አንተ ያላየኸውን ዘመን። ካዛንቺስ ስትገባ ሙሽራ ነበረች፤ ለሠፈሩ ሁሉ የምትሰማ ሬዲዮ ነበረቻት፤ ዜና ሲጀመር መስኮቷን ትከፍተዋለች። የራሷ ጆሮ ደህና ነው፤ የምትከፍተው ለእኛ ነው። እኔ ከሥራ ስገባ «እጸገነት፣ ዛሬ አንባቢው ሁለት ቦታ ተሳስቷል፣ ሰምተሻል?» ትለኛለች። አልሰማሁም እላታለሁ። «እኔ ሰምቼልሻለሁ» ትላለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የሰው ድምፅ ሲሰናከል ታውቃለች። ስትታመም እንኳ ያ መስኮት ተዘግቶ አላስታውስም። ገላን ሄጄ ስጠይቃት አምስተኛው ፎቅ ላይ መስኮቷ ተዘግቶ አገኘሁት። ነፋስ ነው አለችኝ።

ጉልበቴ አስቸግሮኛል። በዚህ ይብቃን።

እጸገነት


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ እጸገነት፤

የጻፉልኝን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሬዲዮው አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ግን መልእክቱ በትክክል ሠራ ወይ ብዬ በጽጌሬዳ በኩል የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም። መልእክቱ ለሁሉም ስልክ እንደ ደረሰ ሲስተሙ ያሳየኛል። መቼም እርስዎ ቢሠራ «ሠርቷል» ይሉኛል፤ ባይሠራ ደግሞ የት ቦታ እንደ ተሳሳትኩ ከነመሥመሩ ይነግሩኛል። ዝም ብለው አያውቁም። በእትዬ ለምለም እጅ በልቼ ነው ያደግኩት። እባክዎን ይንገሩኝ፤ ማን መጣ? ማን ተሸከማቸው?

ፍሬአብ


ቂርቆስ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬአብ፤

ስለ ዝምታዬ ይቅርታ። ቁጭ ብለህ አንብብ።

ለምለም ሰኞ ማለዳ ዐረፈች። ጉርሜሳ ለታዲዎስ ደወለ፤ ታዲዎስ እንዳሳየኸው የጉርሜሳን ስም መርጦ የሚስቱን ሞት መዘገበ። መልእክቱ ወዲያው ለሁላችንም ደረሰ። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፦ «የአቶ ጉርሜሳ ባለቤት ወይዘሮ ለምለም ዐርፈዋል። ለቅሶው ካዛንቺስ ነው። ቀብር ዛሬ ከሰዓት በኋላ።» የቤተ ክርስቲያኑ ስም የለበትም፤ ወትሮም ከለቅሶ ቤት ተነሥተን ስለምንሸኝ እንዲገባ አላደረግንም።

አሁን ካዛንቺስ ምን ለቅሶ ቤት አለ ትላለህ። ልክ ነህ፤ የለም። ግን አንድ ሰው እንኳ ይህን አልጠየቀም። ጉርሜሳ የሚስቱን ሬሳ በሠፈሯ በኩል አሳልፎ ሊሸኛት ነው ብለን ሁላችንም አመንን። እሱ የሚያደርገው ዓይነት ነገር ነው። ታዲዎስ እኔ ያመቻቸሁት መሰለው፤ እኔ ደግሞ ታዲዎስ ያመቻቸው መሰለኝ። ማንም አልደወለም። እውነት ቢሆን ሁላችንም ደስ ይለን ነበርና አልደወልንም። እኔ በመጽሐፍ ውስጥ አንዲት የጎደለች ነጥብ እንቅልፍ የምትነሣኝ ሴትዮ «ካዛንቺስ» የሚለውን አንብቤ ጥቁር ነጠላዬን ፈለግሁ።

ከየአቅጣጫው መጣን። ድንኳኑን የጫነው መኪናም እዚያው መጣ። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ሣር ተተክሏል፣ አበባ አለ፤ ያምራል። ሠፈሩ ከተነሣ ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ ስንቆም የመጀመሪያችን ነበር። ሬሳው እስኪመጣ እየጠበቅን በየቤታችን መፈላለግ ጀመርን። ጎረቤታችን ከውሰር አንድ የመንገድ መብራት አቅፋ «ይሄ ጓዳዬ ነው፣ ማንም እንዳይገባ» አለች። አንዱ የበሩን፣ ሌላው የውኃ ቧንቧውን ቦታ በእግሩ ለካ። የጥበቃው ልጅ መጥቶ በትሕትና ማን እንደ ሞተና ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቀን። ሁላችንም ሣሩን አሳየነው። ምን እንደሚለን ጨንቆት ኮፍያውን አወለቀ።

እንስቅ ነበር፣ ፍሬአብ። እንስቅና እናለቅስ ነበር። በዚያው ሰዓት ገላን ላይ ስሟን የማያውቁ ሰዎች ተሸክመዋት ከአምስተኛ ፎቅ እያወረዷት ነበር። ጉርሜሳ ድንኳን የለ፣ ወንበር የለ፣ ሰው የለ፤ ደጋግሞ ለታዲዎስ ቢደውልም በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማል። በመጨረሻ ከውሰር ጠረጠረችና ደወለችለት። በታክሲ ተጋፍተን ስንደርስ አፈር ለብሳለች። ጉርሜሳ አንድ በአንድ አየን፤ አንዳችም አልተናገረም። ያ ዝምታው ነው እስካሁን ብዕር እንዳላነሣ ያደረገኝ።

የፊታችን እሑድ ጉባኤ ተጠርቷል። ታዲዎስ እድሩ ይፍረስ ብሎ ድምፅ ያሰጣል፤ ጉርሜሳም ስሜ ይሰረዝ ብሏል አሉ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እፈልጋለሁ፦ «ካዛንቺስ» ከየት መጣ? የጉርሜሳ መኖሪያ ገላን ተብሎ በትክክል ተሞልቷል፤ በዐይኔ አይቻለሁ። አታለሳልስልኝ።

እጸገነት


ድሬዳዋ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እትዬ እጸገነት፤

አንድ መሥመር ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ ግን መሥመሩን ያገኘሁት ወዲያው ነበር።

ክላሱን መጀመሪያ የጻፍኩት ሠፈሩ ሳይነሣ፣ ተማሪ ሳለሁ ለልምምድ ብዬ ነው። ያኔ የአባላቱ ስም ይለያያል፣ ስልካቸው ይለያያል፤ ሠፈራቸው ግን አንድ ነው። ስለዚህ ኮንስታንት አደረግኩት። ሠፈር ካዛንቺስ ነው ብዬ ክላሱ አናት ላይ ጻፍኩ፤ ማንም እንዳይለውጠው። ከተነሣን በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው መኖሪያ የሚል ፕሮፐርቲ ጨመርኩና መሥመሮቹን አንድ በአንድ አስተካከልኩ። መልእክቱን የሚጽፈውን ግን አለፍኩት። «ይህ፣ ቀስት፣ መኖሪያ» ማለት ሲገባው አሁንም «አባል፣ ድርብ ነጥብ፣ ሠፈር» ይላል። ማንንም ሰው አይጠራም። ማንም ይሙት፣ መልሱ ያው ነው።

ለሙከራ በራሴ ስም መልእክቱን አውጥቼ አይቼው ነበር። ፍሬአብ፣ ለቅሶው ካዛንቺስ ነው ይላል። አነበብኩት፤ ዐይኔ ስሕተት ነው አላለኝም። እኔ ብሞት ለቅሶዬ ሌላ የት ይሆናል?

አስተካክዬዋለሁ፤ ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ አልለቀውም። ኮሚቴው ሌላ ሰው ይሥራው ካለ ሁሉንም አስረክባለሁ። ጋሽ ጉርሜሳ የእኔ ስሕተት እንደሆነ ያውቃሉ? ልጽፍላቸው ሞክሬ አልቻልኩም። ምን ብዬ ልጀምር?

ፍሬአብ


ቂርቆስ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬአብ፤

ምን ብዬ ልጀምር ላልኸው፦ «ጋሽ ጉርሜሳ» ብለህ ጀምር። የቀረውን አንተ ታውቃለህ። አጭር ይሁን።

ቅዳሜ ከከውሰር ጋር ገላን ሄድን። አምስቱን ፎቅ ወጣሁ፤ ስለ ጉልበቴ አሁን መጠየቅ ትችላለህ። ለጉርሜሳ የጻፍህልኝን እንዳለ አነበብሁለት፤ ቀስቱንም ድርብ ነጥቡንም። ስጨርስ «ልጁ የጻፈው ሠፈሩን ነው» አለ። ይቅር ማለት ይሁን፣ መታዘብ ይሁን አልገባኝም፤ ልጠይቀውም አልደፈርሁም። ከውሰር ደረጃውን ስንወርድ «ስሙን የሚሰርዝ ሰው ሻይ አያፈላም፤ ሁለት ጊዜ ቀድቶልናል» አለችኝ። እኔ ግን አላመንሁም።

ትናንት ጉባኤው ተቀመጠ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ታዲዎስ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደክሞታል። ማሽን ሰው አይቀብርም አለ፤ ርቀናል፣ ሁሉም አጠገቡ ካለው ጋር ይቀበር አለ። ብዙ ራስ ሲነቀነቅ አየሁ። ከውሰር ተነሥታ፣ ጥሩምባ ነፊውም በደህናው ዘመን አንድ ጊዜ የሰው ስም ተሳስቶ፣ ሰውየው ቁርስ ላይ ተቀምጦ የራሱን መርዶ እንደ ሰማ አስታወሰች። ሰው ሣቀ፤ ሰውየው ራሱ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ግን ሣቁ እድሩ አይፍረስ ብሎ እጅ የሚያስነሣ አልነበረም።

ያኔ ጉርሜሳ ተነሣ። ስሜ ይሰረዝ ሊል ነው ብዬ ብዕሬን አስቀመጥሁ።

«ያን ዕለት ለምለምን የተሸከሟት የፎቁ ልጆች ናቸው» አለ። «እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ስጣራ ፈጥነው መጡ። ደረጃው መታጠፊያ ላይ አንዱ ጠጋ ብሎ ‹አባባ፣ ስማቸው ማን ነበር?› አለኝ። እናንተ የቆማችሁት በተሳሳተ ቦታ ነው። ተቀይሜያችኋለሁ፤ አልደብቅም። ግን የምታለቅሱላትን ታውቋታላችሁ። እኔ የሚያውቃት ሰው አርፍዶ ይምጣብኝ።»

ተቀመጠ። ታዲዎስ ድምፅ ስጡ አላለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና «እንግዲህ አድራሻው ይስተካከላ» አለ። እድሩ አልፈረሰም።

አሁን ሥራህን ስማ። መሥመሯን ዛሬውኑ ልቀቃት። «ሠፈር» የሚለው ኮንስታንት ይውጣ፤ በእሱ ፋንታ የእድሩ ስም ይግባ፣ እሱ አይለወጥም። ከእንግዲህ ደግሞ ማንኛውም መልእክት ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ይምጣ፤ አንብቤ «ይታተም» ስል ብቻ ይሂድ። እኔም ብቻዬን አላምንም፤ ከውሰር ጮክ ብላ ታነብልኛለች። መኖሪያዬንም ሞልቻለሁ፤ ቂርቆስ ብያለሁ። ባዶ የተውሁት ረስቼ አይደለም። ስለ እሱ አንዳችም እንዳትጽፍልኝ።

ጉርሜሳ ዐርባዋን የሚያወጣው ገላን፣ ቤቱ ነው። «እናንተን አልጠራችሁም፤ ስልካችሁ ይጥራችሁ» ብሏል። ይጠራን እንደሆነ እናያለን።

እጸገነት


ቂርቆስ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለፍሬአብ፤

ለጉርሜሳ የጻፍህለትን አላነበብሁትም። አላሳየኝም። ኪሱ ውስጥ አድርጎታል።

መልእክቱ ሐሙስ ወደ እኔ መጣ። ከውሰር አጠገቤ ሆና ከስልኬ ላይ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበች፤ የቤቱን ቁጥር፣ ፎቁን፣ የታክሲ መውረጃውን። አንድ ቃል አላረምሁም። «ይታተም» አልሁ። ወዲያው የከውሰር ስልክ ጮኸ፤ የጽጌሬዳ ስልክ ጮኸ፤ የእኔም ጮኸ ይላሉ።

ቅዳሜ ሄድን። ሁሉም መጣ። አራብሳ ያለው፣ ገላን ያለው፣ ልጁ ቤት የገባው ሁሉ። ቤቱ አንድ ክፍልና አንዲት መኝታ ቤት ነው፤ ታዲዎስ ከእድሩ ያመጣው ወንበር አልበቃም፤ የፎቁ ልጆች ከየቤታቸው አግዳሚና ጀሪካን ሳይቀር አመጡ። ያ ስሟን የጠየቀው ልጅም መጥቶ ነበር። ከውሰር ይዛው ስለ ለምለም ስታወራለት አመሸች፤ ልጁ መውጫ አጥቶ ነው መሰለኝ ሁሉንም ሰማት።

ጾም ስለሆነ ምግቡ ቀላል ነበር። ጸሎቱ ሲያልቅ ጉርሜሳ ጽዋ ይዞ ከወጥ ቤት ወጣ። ሊያስተናግድ ነበር፤ ግን በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። አየን። ግድግዳውን ይዘን ተቀምጠናል፣ ማንም ቦታ አልመደበልንም። የላይኛው መንገድ ሰዎች በስተቀኝ ናቸው፤ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የነበሩት ጥግ ላይ ናቸው፤ ቤቱ የመንገዱ መታጠፊያ ላይ የነበረው ታዲዎስም እንደ ሁልጊዜው በግድግዳው መታጠፊያ ላይ ብቻውን ነው። እኔም አላስተዋልሁም ነበር፤ እሱ ነው ያየው።

«በየቤታችሁ ነው እንዴ የተቀመጣችሁት?» አለ።

ሰው ግራና ቀኙን አየ። እንደምታውቀው የእሱና የለምለም ቤት በእኔና በከውሰር ቤት መካከል ነበር። በእኔና በከውሰር መካከል አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሰው ጀሪካን ላይ ተቀምጦ እሱን ማንም አልነካውም። ጉርሜሳ ጽዋውን አስቀምጦ መጣ፣ ተቀመጠ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ መስኮቱን ክፈቺው አለኝ።

ተነሥቼ ከፈትሁት።

እጸገነት